ጥቁሩ ምልክት የእሳት ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ እንስራው ሥዕል ያወጣችሁትን ዘገባ ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሥዕሉን ሄጄ አይቼዋለሁ። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ እንስራ፣ ከጎኑ ሁለት ቅል፣ ከፊቱ ጥቂት የገብስ ዛላ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ፊቱ ቆሜ እንባዬ መጣ። ዘጋቢያችሁ ግን እንስራው ሆድ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት «ሠዓሊው ጥላ ሲጥል የሳተበት» ብሎ ጻፈው።

ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፤ ምልክቱም ያለው በግራ ነው። ጥላ ብርሃን በሚመታው ጎን ይወድቃል እንዴ?

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ የአንኮበር። እናቴ አፈሩን ቆፍራ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካዋለች። በእጇ ሠርታ ጥላ ውስጥ ለቀናት ታደርቀዋለች። ከዚያ ሜዳ ላይ ኩበትና ጭድ ተከምሮበት ይተኮሳል። ኩበቱ ተጠግቶት አየር ያጣው ቦታ ሳይቀላ ጠቁሮ ይቀራል። የአንዱ ጥቁረት ከሌላው አይመሳሰልም፤ እናቴ ገበያ መሃል የራሷን እንስራ የምትለየው በእሱ ነበር። ሠዓሊው ያየውን ሣለ። የሳታችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለ ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ሁለት አንቀጽ ጽፋችኋል። ይገባዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እስኪሞት ድረስ ቦሎኛ ክፍሉ ውስጥ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ማሰሮዎች ቦታ እያቀያየረ ሲሥል ነው የኖረው። እንስራውን ለሠራችው ሴት ግን አንድ ቃል አልተረፋትም። «ባለቤት የሌለው ተራ የገጠር ዕቃ» አላችሁት።

ባለቤት የሌለው! እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኔ ከዚያ ሰባ ዓመት ቆይቼ ትምህርት ቤት ስገባ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ጎረቤቶቻችን እናቴ በሠራችው እንስራ ውሃ ይቀዳሉ፣ በጀበናዋ ቡና ያፈላሉ። ቤታችን ቡና ጠጡ ሲባሉ ግን ደጃፍ ላይ ቆመው «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ሁልጊዜ አሁን ጠጥተው ነው የሚመጡት። እናቴ የቀዳችውን ስኒ መልሳ ስትገለብጥ አይቻለሁ።

እርማት እጠይቃለሁ። ምልክቱ የሠዓሊው ስህተት እንዳልሆነ ጻፉ፤ እንስራውን ሸክላ ሠሪ እንደሠራችው ጻፉ። ሥዕሉ ገና አልወረደም። ዘጋቢያችሁ ተመልሶ ይሂድና ጠጋ ብሎ የእንስራውን አንገት ሥር ይመልከት፤ ሠዓሊው የሴትዮዋን የአውራ ጣት አሻራ ሥሎበታል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ከሰሜን ሸዋ