ለልጄ፦ ያልላክሁት መልእክት

የኔ እመቤት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

አማርኛ ቀስ እያልሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ድምፄ እንቢ ስላለኝ ነው ወደ ወረቀት የመጣሁት።

እሁድ ማታ «እማዬ፣ ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ ቋሚ ተሰላፊ ሳልሆን ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ኳሱን ልተወው ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አልነበረም። ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር ስላለ ነው።

ጁላይ 2023 አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። የቤት ኪራዩ ጨምሮብን፣ የክለብሽ ክፍያ ደግሞ የሦስት ወር ተጠራቅሞ ነበር። አንድ ሰኞ ቀን ለአሰልጣኝሽ «ልጄ ከእንግዲህ አትመጣም፣ ይቅርታ» ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ከሥራ ስወጣ እልከዋለሁ ብዬ ገባሁ። ያን ቀን በር ላይ ታኬታሽን በጥርስ ብሩሽ እያጠብሽ ነበር፤ ቀና ብለሽ «ቻው እማዬ» አልሺኝ፣ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።

መጦሪያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራውን ፊሊፒናዊት ታውቂያታለሽ፣ አቴ የምንላትን። በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፤ የኛን «እቴ» ይመስለኛል፣ ስጠራት ደስ የሚለኝም ለዚያ ነው። ያን ምሽት አራት ሰዓት ተኩል ላይ የአገሯ ሴቶች ከኒውዚላንድ ጋር ለዓለም ዋንጫ ይጫወቱ ነበር፣ ዌሊንግተን፣ በባለሜዳዎቹ ፊት። ስልኳን የእረፍት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ከሩዝ ሳህኗ ጋር አስደግፋዋለች። አንድ ደወል ሲደወል አንዳችን ወደ አረጋውያኑ ሮጠን እንመለሳለን።

በሃያ አራተኛው ደቂቃ ሳራ ኤግስቪክ ኳሱን አሻገረች፣ አንዲት አጥቂ ዘላ በቴስታ መታችው። በረኛዋ በእጇ ነካችው፣ ግን አላስቀረችውም። ሥራ ልንወጣ ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል። አቴ ጓንቷን እንዳደረገች አፏን በክንዷ ይዛ፣ ታካሚ እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቀች አለቀሰች። ፊሊፒንስ በወንድም በሴትም በዓለም ዋንጫ ያገባችው የመጀመሪያ ጎል ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ይቺ ልጅ እኮ የሚልፒታስ ናት» አለችኝ።

የሚልፒታስ! እኛ በየሳምንቱ ገበያ የምንሄድበት! ሳሪና ቦልደን። ሳንታ ክላራ ተወልዳ፣ ሚልፒታስ አድጋ፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ተምራለች። እናቷ ፊሊፒናዊት ናት።

ሁለተኛውን አጋማሽ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በአቴ መኪና ተቀምጠን አየነው። ኒውዚላንዶች አገቡ፣ በቫር፣ በቪዲዮ ዳኛው ማለት ነው፣ ታይቶ ኦፍሳይድ ተባለ። በጭማሪ ሰዓት አንድ ኳስ ወደ ጎል ስትሄድ አልቆልናል አልኩ፤ በረኛዋ ኦሊቪያ ማክዳንኤል አወጣችው። እኔ ከኳስ የማውቀው ወንድሞቼ ሰፈር ውስጥ «ሪጎሬ ነው፣ አይደለም» እያሉ ሲጣሉ ያየሁትን ብቻ ነው፣ ግን ያን ሌሊት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቺንም ልጅ ሜዳ የሚያደርሳት ሰው ነበራት ብዬ አሰብኩ። መልእክቱን እዚያው መኪና ውስጥ አጠፋሁት። እኩለ ሌሊት አልፎ ስገባ «የት ቆየሽ?» ብለሽ የተቆጣሽኝ ያን ቀን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ዕዳ እንዲሰማሽ አይደለም የምነግርሽ፤ በደስታ ነው የሠራሁት።

በኋላ ስለ ልጅቷ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የአሜሪካን ዋና ቡድን ማልያ ለብሳ አታውቅም። በ2018 ከፊሊፒንስ ጋር ዮርዳኖስ ሄደች፤ ለዓለም ዋንጫ አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው ደቡብ ኮሪያ 5 ለ0 አሸነፈቻቸው። እስከሚቀጥለው ዕድል አራት ዓመት ገደማ ነው፣ ልጄ! በዚያ መሃል ታይዋን ተጫወተች፣ ጃፓን ተጫወተች። ጃንዋሪ 30 ቀን 2022 ሕንድ አገር፣ ፑኔ ላይ፣ ከቻይኒዝ ታይፔ፣ ማለትም ከታይዋን ቡድን ጋር 1 ለ1 ወጥተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ማክዳንኤል አዳነች፣ ራሷም መታ አገባች። የመጨረሻዋን የመታችው ሳሪና ናት። ወደ ዓለም ዋንጫ ያስገባቻቸው የእሷ ምት ናት።

ኒውዚላንድን ካሸነፉ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ኖርዌይ 6 ለ0 አሸንፋቸው ከውድድሩ ወጡ። አቴ ያን ቀን ሥራ ስትገባ የቡድኑን ማልያ ከዩኒፎርሟ ሥር ለብሳ ነበር። ሳሪናም ከዚያ በኋላ ወደ አውስትራሊያው ክለብ ኒውካስል ጄትስ፣ ቀጥሎ ወደ ጣሊያኑ ኮሞ ሄደች።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ትንሽ ሳለሽ «ለሉሲ እጫወታለሁ» ትዪ ነበር፣ ለአገራችን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ማለትሽ ነበር፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ አሳድጌሻለሁ። የፊሊፒንስ ሕግ ከ2003 ጀምሮ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ልጆቿን ዜግነታቸውን እንዲመልሱ ይፈቅዳል። የኛ አገር ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፣ ያለ ዜግነት ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ የለም። ፊሊፒንስ ለልጆቿ የከፈተችው በር ለአንቺ ዛሬ ዝግ ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ያንን ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው የተውኩት። ይቅር በይኝ።

ኳሱ ካስጠላሽ ተዪው፣ አንድ ቃል አልናገርሽም። ተቀያሪ ወንበሩ ከሆነ ግን ያስመረረሽ፣ መጀመሪያ ቢሮዋ ገብተሽ አሰልጣኝሽን ጠይቂያት፦ ምን ይጎድለኛል፣ በየትኛው ቦታ ታይኛለሽ? መልሷን ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ለምስጋና በዓል ስትመጪ ታኬታሽን ይዘሽ ነይ። አቴ ልታይሽ ትፈልጋለች፤ አዶቦ የሚሉትን የአገሯን ወጥ እሠራላታለሁ ብላለች። ዶሮው ከእኔ ነው።

እናትሽ
ሳን ሆዜ