ውኃውን ቀንሺለት፣ እማዬ

እማዬ፣

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በማሰሮ የተከልሽው የአበባ ዛፍ፣ የፍራንጂፓኒው፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ ግንዱም ተሸብሽቧል። በዚህ ሙቀት ጠምቶት ነው ብለሽ ጠዋትም ማታም ማጠጣትሽ ስለምታዝኚለት መሆኑ ይገባኛል። ግን ይህ ተክል ውኃውን በወፍራም ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ቶሎ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን የማይደርቅ አፈር ነው። ውኃ ያፈነው ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ግንዱ እንደተጠማ ይሸበሸባል። ያን ጊዜ ውኃ መጨመር ማባባስ ነው።

ግንዱን ከታች ጀምረሽ በጣትሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ፈትሺው። ተሸብሽቦም ቢሆን ጠንከር ካለ ጥማት ሊሆን ይችላል። ከለሰለሰና ከጠቆረ ግን በስብሷል። ቀጥለሽ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቢ፤ እርጥበት ከተሰማሽ ለዚያ ቀን ተዪው። ከደረቀ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት፣ ውኃው በታች ቀዳዳዎች እስኪወርድ አጠጪው። ሳህኑ ላይ የቀረውንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድፊው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማፍሰስ ላዩን ብቻ እያራሰ የታችኛውን ሥር ያስርበዋል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጪ፤ አመሻሹ ላይ ቀና ካለ ከሙቀቱ እንጂ ከጥማት አልነበረም።

ሌላው ችግር ማሰሮው ነው። መሬት ላይ የተተከለ ተክል ሥሩን ወደ ቀዝቃዛው አፈር ይሰዳል፤ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ግን መሸሻ የለውም፣ ፀሐይ በሚመታው ጎን ያለው ሥር ይቀቀላል። ተክሉን ሳይነቅሉ ማሰሮውን እንዳለ ነጣ ባለ ሰፋ ያለ ሌላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና ከሲሚንቶው ላይ በጡብ ከፍ ማድረግ ይረዳዋል። ጨርሶ ጥላ ውስጥ አይግባ፤ ለማበብ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። የጠዋቱን ፀሐይ አግኝቶ የከሰዓቱ ቢቀርለት ይበቃዋል።

ማሰሮውን ግን አንቺ እንዳታነሺው። እርጥብ አፈርና አሸዋ ሲሞላ ከባድ ነው፣ አንቺን ደግሞ ያዞርሻል። ማዞሩንም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜም ሆስፒታል መግባትሽን ያወቅሁት ከወጣሽ በኋላ ነበር፤ እንዳላስብ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿ መጻፍ ጀምራለች፣ ስምሽንም ጽፋልሻለች፣ እልክልሻለሁ።

ግንዱ ከለሰለሰ ጊዜ አትስጪው። በንጹሕ ስለታም ቢላዋ ከበሰበሰው በላይ ቁረጪ፤ የተቆረጠው ፊት ቡናማ ነጥብ ሳይኖረው ጥርት ብሎ እስኪነጣ ድረስ ቢላዋውን እየጠረግሽ ወደ ላይ መቁረጥሽን ቀጥዪ። የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያቃጥላል። ጓንት አድርጊ፣ በተለይ የታከመውን ዓይንሽን በዚያ እጅ እንዳትነኪው። ቢቻል ሌላ ሰው ይቁረጥልሽ። ጤነኛውን ቁራጭ ቅጠሉን አራግፈሽ፣ አፉ እስኪደርቅ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ አስቀምጪው። ከዚያ እኩል ኮምፖስትና ሻካራ አሸዋ በተደባለቀበት አፈር ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ትከዪው፤ እንዳይነቃነቅም በእንጨት ደግፊው። ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ውኃ በጣም በጥቂቱ ነው፤ ሥር የሌለው ቁራጭ የሚጠጣበት የለውም። አብዛኛው ሰው ቁራጩን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ግን አትቁረጪው፣ በዚህ ሙቀትም ማሰሮ አትቀይሪለት። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ያለ ምክንያት የተቆረጠ ጫፍ የቀረ አበባ ነው። ማዳበሪያም አሁን ይቁም፤ የተጎዳ ሥር ላይ የሚጠራቀመው ጨው የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ በግማሽ መጠን ትጀምሪለታለሽ።

ቅጠሉን ከሥር ገልብጠሽ ማየት አትርሺ። ደቃቅ ድርና የነጣ ነጠብጣብ ካለ በደረቅ ሙቀት የሚራባው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው፤ የቅጠሉን የታች ገጽ በውኃ ግፊት እጠቢው፣ ለጥቂት ቀናትም ድገሚው። ብርቱካናማ ዱቄት ካየሽ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ የተያዘውን ቅጠል ለቅመሽ ከግቢው አውጪ፣ ከዚያ በኋላም ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ብቻ አጠጪ።

ሁሉንም በጠዋት፣ ጥላው ሳይሸሽ አድርጊው፣ ኮፍያሽንም አትርሺ። ለተክሉ ውኃ ስትቀንሺ የራስሽን እንዳትቀንሺ። የግንዱን ታችና የቅጠሉን የታች ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሐኪሙ ስለ ማዞሩ ያለሽንም አብረሽ ጻፊልኝ፣ ሳታሳጥሪ።

ልጅሽ