አምስት ዓመት በግማሽ መስመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቻርልስ ኤስ ጆንሰን ያወጣችሁትን የሙሉ ገጽ ጽሑፍ አነበብኩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ከነካባቸው፣ ከነፎቶግራፋቸው አሳያችሁን። ደግ ነው። አርታኢነታቸውን ግን «ቀደም ሲል መጽሔትም ያዘጋጁ ነበር» ብላችሁ በግማሽ መስመር ተሻገራችሁት።

ያ «መጽሔትም» የተባለው የጥቁር አሜሪካውያኑ መጽሔት «ኦፖርቹኒቲ» ነው። ከ1923 እስከ 1928 የመሩት ጆንሰን ናቸው። በመጋቢት 1924 ኒው ዮርክ በነበረው ሲቪክ ክለብ ወጣት ጥቁር ጸሐፊዎችን ከነጭ አሳታሚዎች ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀመጡትም እርሳቸው ናቸው። እናንተ ግን ድግሱን ለፈላስፋው ለአለን ሎክ ሸለማችሁት! ሎክ የዕለቱ መድረክ መሪ ነበሩ፤ ደጋሹ ጆንሰን ነበሩ። በማግስቱ ዓመት መጽሔቱ ባዘጋጀው ውድድር ላንግስተን ሂውዝ በግጥም አንደኛ፣ ዞራ ኒል ኸርስተን በአጭር ልቦለድ ሁለተኛ ወጡ። ሂውዝ ኋላ በግለ ታሪኩ በ1920ዎቹ ጥቁር ጸሐፊዎችን በማበረታታት ጆንሰንን የሚስተካከል በአሜሪካ አልነበረም ሲል መስክሯል። ምስክሩ ሂውዝ ሆኖ ሳለ እናንተ ካባውን አመናችሁ።

ፕሬዚዳንትነቱ ትንሽ ነው አላልኩም፤ በ1956 እስኪሞቱ ድረስ ደክመውበታል። ነገር ግን ፊስክ እርሳቸውን ባያገኝ ሌላ ሰው ይሾም ነበር። ያንን ማዕድ ማን ይዘረጋው ነበር?

ነገሩ የሚቆጠቁጠኝ እኔም በአንድ ኮሌጅ የጥናት ጆርናል ሳርም ጸጉሬ ስለሸበተ ነው። የግርጌ ማስታወሻው የሚጠቅሰው ገጽ ከመጽሐፉ ውስጥ የማይገኝ፣ የአንዱ ደራሲ ስም ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ይመጣልኛል፤ ሲታተም ባለቤቱ ራሱ ይገረምበታል። ያለፈው ቅጽ ሲመረቅ ዲኑ ተመሰገኑ፣ ሪባን የቆረጡት እንግዳ ተመሰገኑ፣ ቆሎና ለስላሳ ያቀረበው ክፍል ሳይቀር ተጨበጨበለት። አርታኢው በዚያን ሰዓት ከኋላ ወንበር ይደረድር ነበር።

ስለዚህ የሲቪክ ክለቡን ድግስ ለባለቤቱ የሚመልስ ማረሚያ አውጡ። ገጹን ያረመው ባልደረባችሁ ስምም የትም አልሰፈረም፤ በዚያው አብራችሁ ብታወጡት ቦታ አይፈጅባችሁም፣ ግማሽ መስመር ይበቃዋል።

አንድ አርታኢ