የትኛው መንግሥት? የሥነ ዜጋ ክበባችን ዓመት

ክበባችን ዋንጫ አያመጣም፤ በወላጆች በዓል ላይም መድረክ አያሞቅም። "እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ?" የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮም ከመምህራን ማረፊያ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። መልሴ ይኸው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። "እዚህ ጅማ የአዌቱን ወንዝ ድልድይ የሚጠግነው ማነው?" ብዬ ልጆቹን ጠየቅሁ። "መንግሥት!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። "የትኛው መንግሥት?" ስል ክፍሉ ጭር አለ። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይህች ጥያቄ ናት።

መጀመሪያ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ገለጥን። ስለ አዲስ አበባ አንቀጽ 49 አለ። ስለ ጅማ ግን ምንም የለም። ልጆቹን ቅር አላቸው። ቀጥለን አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ስንደርስ ነገሩ በራላቸው። ክልሎች ያስፈልጋሉ ያሏቸውን የአስተዳደር እርከኖች ያቋቁማሉ፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍም ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። እንግዲህ ጅማ ሥልጣኗን የምታገኘው ከኦሮሚያ ክልል ሕግ ነው ማለት ነው። ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ስለ ከተሞች አዋጅ ቁጥር 65ን አውጥቷል፤ ኋላም አሻሽሎታል።

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ልጆቹ ከተማው ድሮ እንዴት ይተዳደር እንደነበር አያቶቻቸውን ጠይቀው መጡ። ብዙዎቹ ቀበሌ ከጥንት የነበረ ይመስላቸው ነበር። የመጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ግን ከዚያ 30 ዓመት ይቀድማል፤ 1937 ዓ.ም.።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ዝናብ ያስቀረብን አለ፤ ክፍል አጥተን የተበተንንበትም አለ። የጉብኝት ደብዳቤያችንም አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ተኝቷል። እኛ ግን መመላለሳችንን አልተውንም።

ግንቦት ላይ ተሳካ። ድልድዩን በእግራችን ተሻግረን ማዘጋጃ ቤት ገባን። አንድ ትሑት ባለሙያ ተቀብለው የከተማው ምክር ቤት፣ የከንቲባውና የሥራ አስኪያጁ ሥራ እንዴት እንደሚለያይ አስረዱን። ጥያቄ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ከቦርሳዋ በክር የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል አወጣችና፣

"ጋሼ፣ እማዬ የቦታ ብላ የምትከፍለው በየትኛው ሕግ ነው?" አለች።

ልቤ ቀጥ አለ። ይቆጧታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ደረሰኞቹን ተቀብለው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ወደ ውስጥ ገብተው የታሪፍ ሰነዱን ይዘው ወጡና አነበቡላት። ከተማው ለሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ የመሰብሰብ ሥልጣን ያገኘው ከክልሉ አዋጅ እንደሆነ፣ ምክር ቤቱ ታሪፍ የሚያጸድቀውም በዚያ ወሰን ውስጥ እንደሆነ ነገሯት።

"ገንዘቡስ ምን ላይ ይውላል?" አለች አሁንም።

"እንደ መንገድ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ የመንገድ መብራትና ቄራ ላሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ነው። የአስተማሪያችሁ ደመወዝ ግን ከዚህ አይደለም፤ ከመንግሥት በጀት ነው።" ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

ማታ ቤቷ ገብታ ለእናቷ ሁሉንም አስረድታቸዋለች። እናቷ ማንበብ አይችሉም። ደረሰኞቹን ግን አንድ ሳይጥሉ ዘንቢል ውስጥ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። በሳምንቱ ልጅቷ መጥታ "ቲቸር፣ እማዬ ምክር ቤቱ መቼ ነው የሚሰበሰበው ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ" አለችኝ። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልናገር። 46 አባላት አሉን። ያለን ሕገ መንግሥት አንድ ነው፤ ሽፋኑም ተገንጥሏል። የክልሉን አዋጅ ያነበብነው በእኔ ስልክ ነው፤ አምስት ልጆች አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተው። ለማሊያና ለኳስ በጀት ይገኛል፤ ይገኝም፣ አልቃወምም። ለፎቶ ኮፒ ሲሆን ግን ለምን ይጠፋል?

ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ቤታችሁ የተቀመጠ የሕግ መጽሐፍ ወይም የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ ካለ አምጡልን። አንድ ደስጣ ወረቀትም ቢሆን ይጠቅመናል። የክበባችን ቁም ሳጥን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ጀርባ ነው። ቁልፉን የያዘችው የከርሞዋ ጸሐፊያችን፣ ያቺው የደረሰኟ ልጅ ናት።