ነብሩ ዥንጉርጉርነቱን የት ጣለው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ የአንባብያን ገጽ ላይ አንዲት እናት፣ ለልጆች የሚታተሙ የተረት መጻሕፍት ጅብና መበላላት ስለሚበዛባቸው ልጆች ሌሊት እየባነኑ ነው፤ ተመርጠው ይቅረቡልን ብለው ጽፈው ነበር። ይመረጡ በሚለው እስማማለሁ። ብዕር ያነሣሁት በምን እንምረጥ በሚለው ስለምለይ ነው። ጅቡ የእኔን የልጅ ልጆች አላስፈራቸውም። እኔን ያስፈራኝ ሥዕሉ ነው።

የመንዝ ተወላጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ውስጥ 31 ዓመት ቀለም ስመዝን፣ ስበጠብጥ፣ የወጣውን ጨርቅ በመስኮት ብርሃን ከናሙናው ጋር ሳስተያይ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ድርሰት ብዙ አላውቅም። ቀለም ከቦታው ሲወጣ ግን ከሩቅ ይታየኛል። አሁን ሥራዬ ሁለት የልጅ ልጆች ማሳደግ ነው። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፤ ፊደል ከለየች ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የዘይት ጄሪካን ላይ ያለውን ሳይቀር። ታናሿ 4 ዓመቷ ነው። እሷ የምታነበው ሥዕሉን ነው።

ባለፈው ጥር፣ ውርጩ የጓሮውን ጎመን ባቃጠለበት ሰሞን፣ መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ አንድ ባለ ሥዕል ተረት ገዛሁ። ሽፋኑ ያብለጨልጫል። «አባቴ፣ ይውሰዱት፤ ሙሉ ቀለም ነው» አለኝ። 120 ብር ከፈልኩ። ማታ ከሰሉ ተያይዞ፣ የገብስ ቆሎው ቀርቦ፣ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ጋቢዬ ውስጥ ገቡ። ተረቱ የነብርና የፍየል ነበር። ገጹን ብገልጠው ነብሩ እንደ ብርቱካን የቀላ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል።

ትልቋ ጥቂት ዝም ብላ አየችውና «አባባ፣ ይሄ ነብር አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ ነው።»

ነብር ዥንጉርጉርነቱን እንደማይለውጥ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ነው ያደግነው። ይህኛው ለውጦ መጣ። መስመር ያለው አውሬ የሕንድና የሩቅ ምሥራቅ ነው፤ በአፍሪካ ዱር ውስጥ አይኖርም። አይተነው ስለማናውቅ የራሱ ስም አላወጣንለትም፤ እሱንም «ነብር» እንለዋለን። አሳታሚው፣ ሠዓሊ አስጠርቶ ገንዘብ ከማውጣት፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ጽፎ የመጣለትን ለጥፎታል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው የሌላ ሰው በግ ነድቶ ሲመጣ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል ሁሉ አይግባ ማለቴ አይደለም። በደርግ ጊዜ ለልጆቼ ሞስኮ የታተሙ የአማርኛ ተረቶችን እገዛ ነበር፤ ዋጋቸው ርካሽ፣ ወረቀታቸው ወፍራም ነበር። ድብ በበረዶ ላይ ሲሄድ፣ ግንዳቸው የነጣ ዛፎች፣ ጭስ የሚወጣባቸው የእንጨት ቤቶች ነበሩባቸው። ልጆቼ ድብ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ በረዶውንም ውርጭ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ድቡ ድብ ነበር፤ ዛፉም የድቡ አገር ዛፍ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የሚያውቀውን አገር፣ ለዚያው ተረት ብሎ እንደ ሣለው ያስታውቃል። የሩስያ ድብ ቤቴ ገብቶ ያደረሰው ጉዳት የለም። የጎዳን በእኛ ተረት ውስጥ የእኛን ስም ተሸክሞ የገባው የሰው አገር አውሬ ነው።

ጅቡም ከዚህ አልዳነም። በሌላ መጽሐፍ ጆሮው የቆመ፣ ወገቡ የተቃና፣ ምላሱን ያወጣ ውሻ ተሥሎ «አያ ጅቦ» ተብሏል። ደብረ ብርሃን ውስጥ የጅብ ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። የጅብ ጀርባ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ያጥራሉ፤ ስለዚህ ነው ሲሄድ የሚያነክስ የሚመስለው። አያቴ ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተለች ተረት ስትነግረን፣ ጅቡ ሲመጣ እንዝርቷን ታስቀምጥና እጇን ጉልበቷ ላይ ታስኬደዋለች። ሌባ ጣቷና መካከለኛው ጣቷ ቀጥ ብለው ከፊት ይራመዳሉ፤ የቀለበትና ትንሿ ጣት ታጥፈው ከኋላ ይጎተታሉ። መብራት ያልነበረው ቤት ነው፤ የእሳቱ ነጸብራቅ ያንን እጅ ግድግዳው ላይ ጅብ ያደርገዋል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ ጅብ ግን አይታለች።

አሁን ወደ ንባቡ። ፊደላችን ብዙ ነገር ይጽፋል፤ መጥበቅና መላላትን ግን አይጽፍም። አዋቂ ዐረፍተ ነገሩን አይቶ ያጠብቃል፣ ያላላል። ጀማሪ ምን ያድርግ? በዚያው የጅብ መጽሐፍ ውስጥ «ከዋሻው ውስጥ ጅብ አለ» የሚል ነበር። ልጅቷ አላልታ አነበበችውና ቀና ብላ «ምን አለ?» አለችኝ። ጅቡ እስኪናገር ትጠብቃለች። ከሁለት ገጽ በኋላ ደግሞ «ጅቡ ገና አልመጣም» የሚል መጣ። ይህን አጠበቀችው። ታናሿ ከጋቢው ውስጥ አንገቷን አውጥታ «እንግዲያው ለጥምቀት ይመጣል» አለች። ሳቅን። እየሳቅኩ ግን ወደ ዋሻው ገጽ ተመልሼ ሥዕሉን አየሁት፤ በዚያ ገጽ ላይ ያለው ቢራቢሮና ጽጌረዳ ነው። ዋሻ ተሥሎ፣ በጨለማው ውስጥ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ቢኖሩበት ኖሮ ልጅቷ ሳይነገራት «አለ»ን ታጠብቀው ነበር። ጎረቤቴ ሥዕል ለማስጌጥ ነው ይላል። ለእሱ ይሆናል፤ ፊደል ለምትለይ ልጅ ግን ቃሉን የሚያጠብቅላትና የሚያላላላት ሥዕሉ ነው። ስለዚህ አሁን መጽሐፍ ስመርጥ እንደ ቀድሞው ሽፋኑን አላይም። አንዱን ገጽ እገልጥና ጽሑፉን በመዳፌ ሸፍኜ ሥዕሉ ብቻውን ምን እንደሚል እጠይቀዋለሁ። ከዚያ መዳፌን አነሣለሁ። ሁለቱ የማይተዋወቁ ከሆነ ለሻጩ እመልሰዋለሁ። መናኸሪያው አካባቢ ያሉት ሻጮች አሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ማዞር ጀምረዋል።

የመስመር አጨራረሱም ሌላ ጣጣ ነው። በብራናው ዘመን ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ ስለነበር፣ መስመር ሲያልቅ ቃሉ ለሁለት ቢቆረጥም አንባቢው አይሳሳትም ነበር። ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ከተካን በኋላ ግን ኮምፒውተሩ «ዝን»ን ከላይ፣ «ጀሮ»ን ከታች ሲያስቀር ልጅቷ «ዝን ምንድን ነው?» ትላለች። አንዱ ገጽ ላይ «ሐይቅ»፣ ሌላው ገጽ ላይ «ሀይቅ» የሚልም አጋጥሞኛል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ሊቃውንቱ ይከራከሩ፤ በአንድ ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጦ መጨረስ ያን ያህል ይከብዳል?

ስለ ቀለሙም በሙያዬ አንድ ቃል። ያ ልጅ «ሙሉ ቀለም» ያለው ኅትመት የሚሠራው በአራት ቀለም ነው፤ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ አንዱ በሌላው ላይ ያርፋል። ከአራቱ አንዱ የፀጉር ያህል ከተንሸራተተ የተሣለችው ልጅ ከንፈር ጉንጯ ላይ ይወጣል፣ ፊደሉም ጥላ ያበጃል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የተሣለውን እንስሳ ዓይን ማየት ይበቃል። አንዱ ዓይን ሁለት ሆኖ ከታየ ልጅቷም ሁለት ታያለች። በቢጫ ሰማይ ላይ ነጭ ፊደል ያሳተመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በእኔ ክፍል ቢሆን ደመወዙን እቀጣው ነበር።

ወደ ጸሐፊዋ እናት ልመለስ። ስለ ጅቡ ያሉትን በቤቴ ሞክሬዋለሁ። ጎረቤት የሰጠን አንድ የታረመ ተረት ነበር፤ በመጨረሻው ጅቡ አህያዋን ይቅርታ ይጠይቅና አብረው ኬክ ይበላሉ። ትልቋ መጽሐፉን ዘጋችና «ታዲያ ጅቡ ማታ ምን በላ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ያልተኛችው እኮ ጅቡ አህያዋን ስለበላ አይደለም፤ ሳይበላት ስለቀረ ነው፤ ጅብ ራቱን ካልበላ የት እንዳለ አይታወቅም።

እንዲያውም ልጅን የሚያስፈራው መውጫ ማጣቱ ይመስለኛል። የእኛ ተረት በር አለው። «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይገባሉ፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ይወጣሉ። በመካከሉ ጅብ የፈለገውን ይብላ፤ ልጁ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉም በቴሌቪዥን ልጆቹን መጀመሪያ ሰላም ብለው፣ አስቀምጠው ነበር ተረት የሚነግሩት። ሰሞኑን የምናገኛቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህን በር አንሥተውታል። ከመጀመሪያው ገጽ «አንድ ጅብ ነበር» ብለው ይጀምሩና በመጨረሻው ገጽ የአሳታሚው ስልክ ቁጥር ላይ ይጥሉናል። እኔ ይህ በር የሌለበትን መጽሐፍ ከገዛሁ መግቢያውንና መውጫውን በእርሳስ ራሴ እጽፍበታለሁ።

የፈረንጅ ተረትም ቢሆን አጨራረሱን አይቶ መግዛት ነው። ቀይ ቆብ ያደረገችውን ልጅና ተኩላውን በሁለት ስስ መጻሕፍት ገዝቼ ነበር። በአንዱ ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፤ አለቀ። በሌላው አዳኝ ይመጣና ሆዱን ቀድዶ ያወጣታል። ልጆቹ «የትኛው ነው እውነቱ?» ብለው ሰቅዘው ያዙኝ። መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ነው ያስረዳን፤ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው በመበላቷ ጨርሶታል፤ አዳኙ ያለው ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውስጥ ነው። ሁለቱም መጻሕፍት አልተሳሳቱም ማለት ነው፤ ብቻ የማንን እንደ ተረጎሙ አንዳቸውም አልጻፉም። ልጆቹ በድምፅ ብልጫ አዳኙን መረጡ።

እንግዲህ ለአሳታሚዎች የምለው ይኸው ነው፤ ለሠዓሊ ክፈሉ፣ ስሙንም ጻፉ። ቤቴ ካሉት 9 የአገር ውስጥ የተረት መጻሕፍት የሠዓሊው ስም ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ጅቡ ጅብ ነው። ሠዓሊውንም ወደ እኛ አገር ስደዱት። ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ መንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ቢቀመጥ፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ቀስ እያለ ሲመላለስ ያያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጥ ያድናል። ሣር እየጋጠ የሚውለውን ጭላዳም ያያል። በገዛኋቸው መጻሕፍት ውስጥ ዝንጀሮ ሁሉ ሙዝ ይዟል፤ መንዝ ውስጥ ሙዝ የሚበላው ከሸዋ ሮቢት በመኪና ሲመጣ ነው፤ የሚበላውም ሰው ነው። ቀበሮና ጭላዳ ለምን ተስማሙ የሚል ተረት አያቴ ብትኖር ኖሮ በአንድ ምሽት ታመጣው ነበር። እኔ እየሞከርኩ ነው፤ እስካሁን አይጧ ላይ ደርሻለሁ።

የ120 ብሩን መጽሐፍ አልጣልኩትም። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ትልቋ ከማንደጃው የጠፋ ከሰል አውጥታ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ በነብሩ መስመሮች መካከል አንድ በአንድ ነጠብጣብ ታስቀምጣለች። ቀለሙ ከመስመሩ አልወጣም፤ በናሙናዬ መሠረት አልፏል። ሌላውን ከሰል ታናሿ ይዛለች። እሷ ፍየሏንም ዥንጉርጉር አድርጋታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ
ከደብረ ብርሃን