የቅሬታ ደብዳቤ፦ «እስከ ገና ደሴ እናደርሳለን» ስለተባለው የዲስክ ማጫወቻ

ቀን፦ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተገባልኝ ቃል ስላለመፈጸሙና በስልክ ስለደረሰብኝ መዘባበት

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የግዢው ቀን፣ ደረሰኙና የባንክ ዝውውሩ ሁሉም እጃችሁ ላይ ስላለ አልመለስበትም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን፣ ከሽያጭ ክፍላችሁ ሠራተኛ ጋር ያደረግሁት የስልክ ንግግር ነው።

ታኅሣሥ 2 ቀን የሽያጭ ኃላፊያችሁ ራሳቸው ደውለው፣ ለጌም ማጫወቻ ቤቴ ያዘዝኳቸው ሁለት ፕሌይስቴሽን 5 የጌም ማሽኖች ያለ ዲስክ ማጫወቻ (የጌም ዲስኩ የሚገባበት ተገጣሚ ክፍል) የተላኩት በመጋዘን ስህተት መሆኑን አምነው፣ «ማጫወቻዎቹን ለብቻቸው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ እስከ ገና ደሴ እናደርሳለን፤ ቃሌ ነው» ብለውኝ ነበር። «ቃሌ ነው» የምትለዋን እኔ አልጨመርኳትም። ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ሰኞ ስደውል ስልኩን ያነሳው ወጣት ዐሥራ አራት ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጠኝ በኋላ ተመልሶ፣ «የተላከ ነገር የለም፤ ማጫወቻውን ከፈለጉ ለብቻው ይሸጣል» አለኝ። የኃላፊውን ቃል ሳነሳበት «በጽሑፍ አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ። የለኝም ብዬ ከኃላፊው ጋር እንዲያገናኘኝ ብለምነው፣ «ጋሼ፣ ዓለም እኮ ዲስክ ትቷል፤ ደሴ ገና አልደረሰም እንዴ?» አለና ሳቀ። ከአጠገቡ ሌላ ሰው ሲስቅም ተሰምቶኛል። እኔ እየተናገርኩ ስልኩ ተዘጋ። ዕለቱ የገበያችን ቀን በመሆኑ ቤቱ በተጫዋች ሞልቶ ነበር፤ እጄ ስላልተመቸኝ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼው ስለነበር ልጆቹ ሁሉ ሰምተዋል።

ስልኩ ሲዘጋ መልሴ ስለቀረ እዚህ ላስፍረው። እኔ በፕሌይስቴሽን 2 ጀምሬ በዚሁ ሥራ የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ ዲስክ የማይቀበል ማሽን ለምን እንደሚሠራ አይጠፋኝም። አምራቾቹ ማሽኑን በቀጭን ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው የሚያተርፉት ከጌሙ ነው። ጌሙ በራሳቸው የኢንተርኔት መደብር ሲሸጥ ከዋጋው 30 በመቶ ያህሉ ለእነርሱ ይቀራል፤ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ያገለገለ ዲስክ ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኙም። እኔ ደግሞ የምተዳደረው በዚያው በሚዞረው ዲስክ ነው፤ የኳስ ጌሙን ከወልድያ በቅያሪ አምጥቼ፣ ወር ካጫወትኩበት በኋላ ኮምቦልቻ ላለው የሥራ ባልደረባዬ አሳልፋለሁ። በኢንተርኔት ግዛ ከተባልኩ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት፣ ከዚያም በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ፋይል ማውረድ ሊኖርብኝ ነው። ለአምራቹ የሚበጀው ለእኔም ይበጃል ብሎ የወሰነልኝ ማን እንደሆነ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

ዲስክን ማስተው ለአምራቾቹም ቢሆን ቀላል እንዳልነበር ሠራተኛችሁ ቢያውቅ መልካም ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን ለተባለው የጌም ማሽኑ የሚሆኑ ያገለገሉ ዲስኮችን መሸጥና ማዋስ የሚገድብ ደንብ አውጥቶ፣ ደንበኛው ሲቆጣ እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ራሱ ሰርዞታል፤ በዚያው ወር የፕሌይስቴሽን አምራቹ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን በ399 ዶላር እንደሚሸጥና ያገለገለ ዲስክን እንደማይከለክል ሲያስታውቅ የማይክሮሶፍቱ ዋጋ 499 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የማይክሮሶፍት የቀድሞ ማሽን ኤክስቦክስ 360 ቀይ መብራት እያበራ መበላሸት ሲያበዛ ኩባንያው ለብልሽቱ የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መድቧል። ርኅራኄ ይዞት አይመስለኝም፤ ደንበኛውን ተፎካካሪዎቹ የጌም ማሽን አምራቾች ሶኒና ኒንቴንዶ እንዳይወስዱበት ነው። እናንተም ተወዳዳሪ አላችሁ። ያንኑ ማሽን አንድ የመርካቶ ነጋዴ በ6,000 ብር አሳንሶ ሊሰጠኝ ነበር፤ ልዩነቱን ለእናንተ የከፈልኩት ዋስትናችሁን አምኜ ነው።

ካነሳሁት አይቀር፣ ከመጡት ጆይስቲኮች አንዱ ሳይነካ ወደ ግራ እየሳበ እንደሚሄድ ኅዳር ላይ አመልክቼ «ይዘውት ይምጡ» ተብያለሁ፤ 401 ኪሎ ሜትር ለአንድ ጆይስቲክ። የማጓጓዣውን እኛ እንችላለን ተብሎ ሳለ ሹፌሩ ዕቃውን ሳላስከፍል አላወርድም ብሎ ከፍያለሁ። ደረሰኙም ላይ የተጻፈው «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» የሚል ብቻ ሲሆን፣ የማሽኑ ዓይነት አለመጠቀሱ ዛሬ «በጽሑፍ አለዎት?» ለመባል እንዳበቃኝ ገብቶኛል።

ስለዚህ ሁለቱ ማጫወቻዎች፣ ለእነዚህ ማሽኖች የሚገጥሙት፣ ያለ ክፍያ እስከ ሰኞ የካቲት 3 ቀን እንዲደርሱኝ እጠይቃለሁ። ማጫወቻው ሲገጠም አንድ ጊዜ በኢንተርኔት መመዝገብ ስላለበት፣ በዕለቱ በስልክ የሚረዳኝ ባለሙያ ይመደብልኝ። የማጓጓዣው ገንዘብ ይመለስልኝ፤ ጆይስቲኩ ይለወጥልኝ፤ ዋስትናውም መቆጠር የሚጀምረው ማጫወቻዎቹ ከደረሱበት ቀን እንዲሆን በማኅተም ይረጋገጥልኝ። እስከዚያ ቀን ካልተፈጸመ ግን ማጫወቻውን አልፈልግም፤ ሁለቱንም ማሽኖች በእናንተ ወጪ አንስታችሁ ሙሉ ገንዘቤን መልሱልኝ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለተደነገገ፣ በዚህ ደብዳቤ ቅጂ ለሚመለከተው የንግድ መሥሪያ ቤት አቤት እላለሁ።

ወጣቱ ሠራተኛችሁም ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እሻለሁ፤ የሚደውለው ግን ሰኞ ረፋድ ላይ ይሁን፣ እኔም ድምፅ ማጉያውን እከፍተዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት
ደሴ፣ ፒያሳ