የፈረስ ራስ በሰማይ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ውቂያው ገና ነው።

በስልክ «አባዬ፣ ያ የፈረስ ራስ የሚመስለው ኔቡላ ስሙን ማን አወጣለት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ስለ ተቋረጠ፣ በጽሑፍ ልመልስልሽ ወደድሁ።

ኔቡላ በከዋክብት መካከል የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ያንቺን ፈረስ ዊሊያሚና ፍሌሚንግ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካው ሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በመስታወት ሰሌዳ ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ አገኘችው፤ በኋላ የተሰጠው የመዝገብ ስም ባርናርድ 33 ነው። ከበስተኋላው ሃይድሮጂን በቀይ ብርሃን ይደምቃል፤ ከፊት የቆመው ወፍራም አቧራ ያን ብርሃን ስለሚጋርደው፣ አንገቱም አፍንጫውም እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል። ከሌላ አቅጣጫ ለሚያየው ግን ፈረስ ላይሆን ይችላል።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ በአንድ መስከረም ከብት ስንጠብቅ ሣሩ ላይ ጋደም ብለሽ፣ ከጮቄ በላይ የተቆለለውን ደመና «አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ» አልሽኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ደመና ብቻ ነበር የማየው፤ ከነገርሽኝ በኋላ ግን በሬው ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የኔቡላዎቹም ቅጽል ስም እንዲሁ የጸና ይመስለኛል፦ አንዱ አይቶ ይናገራል፣ የሰማውም ያንኑ ያያል።

የሸርጣን ኔቡላ የሚባለውን ተመልከቺ። አየርላንዳዊው ሎርድ ሮስ በ1840ዎቹ በቴሌስኮፕ አይቶ የሳለው ሥዕል ብዙ እግር ያለው ሸርጣን መሰለ፤ በኋላ ከዚያ በሚበልጥ ቴሌስኮፕ ሲያየው ያ መልክ አልነበረም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ያ ደመና ቻይናውያን በ1054 ሲፈነዳ ያዩት ኮከብ ቅሪት ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ነገር በአንድ ሥዕል መጥራታችን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ለገና ስትመጪ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከደጃፋችን ወደ ምሥራቅ እናያለን። በአንድ መስመር ሽቅብ የቆሙት ሦስት ኮከቦች፣ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ መታጠቂያ ናቸው፤ ፈረሱ ከታችኛው፣ ከአልኒታክ አጠገብ ነው፣ ነገር ግን በዓይን አይታይም። ከእነርሱ በስተቀኝ ግን እንደ ጭጋግ የፈዘዘ ነጥብ ታገኛለሽ፤ እርሱ የኦሪዮን ኔቡላ ነው። ምን እንደሚመስል ከማንም ሳትሰሚ አይተሽ ንገሪኝ፤ እኔም ያየሁትን እስከዚያ አልነግርሽም።

አባትሽ፣ ከጎጃም